መሰላሉን ማን ያዘ

ሰውዬው የወደቀው ከእግዚአብሔር ቤት ጣራ ላይ ነው። ከመጠጥ ቤት ጣራ ቢወድቅ ኖሮ ነገሩ ባጭሩ ያልቅ ነበር። ሰው ሁሉ «እዚያ ምን ጥልቅ አደረገው?» ብሎ ፈርዶበት፣ ከንፈሩን መጥጦ ይረሳዋል። እሱ ግን የጸሎት ቤቱን የዛገ ቆርቆሮ በአዲስ ሲቀይር፣ ያውም በነጻ፣ ያውም ቁርሱን ሳይቀምስ ወደቀ። ይህን ደግሞ የቱም አማኝ ቢሆን በቀላሉ ማስረዳት አይችልም።

ሥራው ቆርቆሮ መምታት ነው። ጎልማሳነቱን ሁሉ ያሳለፈው በሰው ጣራ ላይ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ላይ ሲሄድ ሜዳ ላይ የሚንሸራሸር ስለሚመስል ሰፈሩ «ድመቱ» የሚል ስም አወጣለት። ድመት ስትወድቅ በእግሯ ነው የምታርፈው፤ ድመቱ ያረፈው በዳሌው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅጽል ስሙን በፊቱ የሚጠራው ጠፋ፤ ከአማቱ በቀር።

ሐኪሞቹ ጭኑን ከፍተው ብረት አስገቡበት። «እኔንም በሚስማር መታችሁኝ ማለት ነው» ብሎ ነርሷን አሳቃት። ከዚያ ወዲያ ግን የሚያስቅ ነገር ጠፋ። ቤቱ ገብቶ አልጋ ላይ እንደተጋደመ ጠያቂው በየተራ ይጎርፍ ጀመር፤ ሁሉም ብርቱካን ይዞ፣ ሁሉም ማብራሪያ ይዞ። አንዱ «ጌታ እያስተማረህ ነው» ይለዋል። ሌላው «ለበጎ ነው» ብሎ ብርቱካኑን ራሱ ልጦ ይበላል። አንዱማ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ንስሐ ያልገባህበት ነገር ይኖር ይሆን?» አለው።

«አለ» አለ ድመቱ። «ብርቱካን እንደማልወድ ለማንም ነግሬ አላውቅም።»

የሴቶች ጸሎት መሪዋም መጣች። «ሳይረን» ይሏታል፤ መጸለይ ስትጀምር መንገድ ላይ ያለ መኪና ዳር ይዞ ያሳልፋት ይመስላል። ሳይረን ሰላምታዋን እንኳን ሳትጨርስ እጇን ጭኑ ላይ፣ ልክ ስፌቱ ላይ ጫነችና «ልቀቀው!» አለች። ድመቱ እሪ አለ። «ለቀቀው!» አለች ሳይረን፤ ደስ ብሏት ሄደች።

ድመቱ ድሮም የጸሎት ሰው ነኝ ብሎ አያውቅም። ጣራ ላይ ሲወጣ ግን ከእግዚአብሔር ጋር ወሬ ይይዝ ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ ሚስቱ ጉልበት፣ ስለ ጠማማ እንጨትና ስለ ጠማማ አሠሪ ያወራዋል። መሬት ላይ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ ግን ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ይግባባሉ። ከወደቀ በኋላ ዘጋው። ሚስቱ አጠገቡ ተንበርክካ ስትጸልይ አሜን ይላል፤ እሱም ቢሆን ከእሷ ጋር ላለመጣላት ነው።

ያንገበገበው መውደቁ አልነበረም። ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛ ይወድቃል። ያንገበገበው ማን እንደጣለው ማወቁ ነው።

የዚያን ቀን ነገሩ እንዲህ ነበር። የጸሎት ቤቱ በረንዳ ልሙጥ ሲሚንቶ ስለሆነ መሰላል አይቆምበትም፤ ሰው ሊይዘው ግድ ነው። ፓስተሩ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ «እኔ እይዛለሁ» አለ። ከድመቱ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሥራ የማይንቅ ጥሩ ሰው ነው። ድመቱም ደንቡን ነገረው፦ መሰላል የያዘ ሰው አያወራም፣ ዘወር አይልም፣ አፍንጫው ላይ ዝንብ ቢያርፍበት እንኳን አያባርርም። ፓስተሩ እሺ አለ፤ ግማሽ ቀን ሙሉም እንደ ግንድ ቆሞ ያዘ። ወደ ምሳ ሰዓት ግድም ድመቱ ከጣራው ወደ መሰላሉ አናት ተሻግሮ፣ «ፓስተር፣ አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ቀረች!» ብሎ ወደ ታች ተጣራ።

«ሃሌ ሉያ!» አለ ፓስተሩ፤ ሁለት እጁንም ወደ ሰማይ አነሣ።

ክፋት የለበትም። ዕድሜ ልኩን ያስለመደው እጅ ነው፤ ሃሌ ሉያ ከተባለ ይነሣል። ድመቱ ከላይ ሆኖ ሁለት የተዘረጉ መዳፎችን አየ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ ሲሚንቶውን።

ሆስፒታል ውስጥ ሲጠይቁት «አዳለጠኝ» አለ። ለሚስቱም እንደዚያው አላት። ምን ይበል? ፓስተሩ እግዚአብሔርን አመስግኖ ሰበረኝ ይበል? ፓስተሩ ራሱ እስኪናገር ይጠብቅ ጀመር። ፓስተሩ ሆስፒታል መጣ፤ እጁን ይዞ አለቀሰ፣ ረጅም ጸሎት ጸለየ፣ ሄደ። ስለ መሰላሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እሑድ ደርሶ ሚስቱ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ግን ፊቷ በርቶ፣ ፓስተሩ ከመድረክ ላይ ምን እንዳለ ነገረችው። «ጠላት ዲያብሎስ ወንድማችንን ከመሰላል ላይ ገፍትሮ ጣለው» ብሏል።

ድመቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰይጣን አዘነለት። ምስኪን በሌለበት ተከሶ በሌለበት ተፈረደበት።

ፓስተሩ በዚያ አላበቃም። ጉባኤው ሲግል እሱም ጋለና «የቀረችውን ቆርቆሮ ሌላ እጅ አይመታትም! ወንድማችን ራሱ ተነሥቶ ይመታታል!» ብሎ አወጀ። ሕዝቡም በአንድ አፍ አሜን አለ። እንግዲህ አሜን ከተባለ ወዲያ ሌላ ጣራ ሠሪ መጥራት ክህደት ሆነ። ጣራው ላይ በር የሚያህል ቀዳዳ እንደተከፈተ ቀረ፤ ክረምቱም ገባ። አንድ ሽማግሌ «ለጊዜው ላስቲክ ብንወጥርበትስ?» ቢሉ ሳይረን ላስቲክ የእምነት ማነስ ነው አለቻቸው። ባልዲ ግን ተፈቀደ። ባልዲ ለምን የእምነት ማነስ እንዳልሆነ የጠየቀ የለም።

ድመቱ በክራንች ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት ቤት የሄደ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ባልዲዎቹ ቀዳዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ከፊት ያሉት ምእመናን ጃንጥላ ዘርግተው ይዘምራሉ። የዕለቱ ስብከት ስለዚያ ሽባ ሰው ነበር፤ አራት ሰዎች ተሸክመውት ሄደው፣ በሩ በሰው ስለተዘጋ ጣራ ነድለው ወደ ውስጥ ስላወረዱት። ፓስተሩ የአራቱን እምነት እያነሣ ሲጥል ድመቱ ግን የሚያስበው ሌላ ነው። ስለ ሽባው ተሰበከ፣ ስለ ተሸካሚዎቹም ተሰበከ። ሰዎቹ ጣራ አፍርሰው ሽባ አዳኑ፤ እሱ ጣራ እየሠራ ሽባ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያንን ጣራ ማን እንደጠገነውስ ትንፍሽ ያለ ሰባኪ አለ? በነጋታው አንድ የዋህ ጣራ ሠሪ ወጥቶ እንደደፈነው ድመቱ አይጠራጠርም። መሰላሉን ማን ያዘለት?

አንድ ነገር ግን አስተዋለ። ፓስተሩ ድሮ ሲሰብክ እጁ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነበር የሚወናጨፈው። ያን ዕለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት እጁን ከአትሮኖሱ ላይ አላነሣም። ጉባኤው በሙሉ እጁን ለምስጋና ሲዘረጋ እሱ የአትሮኖሱን ጠርዝ ጭምቅ አድርጎ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ድመቱ ትከሻውን አሞት ይሆናል ብሎ አለፈው።

ከጸሎት በኋላ ሕዝቡ ድመቱን ከበበው። «እንዴት ነህ?» ያለው የለም። ሁሉም «መቼ ነው የምትወጣው?» ነው የሚለው።

ክረምቱ ሲጋመስ ክራንቹን ጣለ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና «አጥንትህ ከድሮው ይጠነክራል፤ መሰላልም መውጣት ትችላለህ» አለው። ሚስቱ እዚያው ሐኪሙ ፊት ተንበርክካ አመሰገነች። ድመቱም ፈገግ አለ፤ ፈገግ ያለው በጥርሱ ነው።

በነጋታው ቤቱ ጭር ሲል ጓሮ ገብቶ አጭሩን መሰላል ግድግዳ ላይ አስደገፈ። የመጀመሪያውን ደረጃ ወጣ። ሁለተኛውን ወጣ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላብ አጠመቀው፣ ጣቶቹም እንጨቱን አንለቅም አሉ። ዓይኑን ሲጨፍን ሁለት መዳፎች ይታዩታል። በነጋታው ሞከረ፣ ከዚያም በኋላ ሞከረ፤ ያው ነው። ሥራ አለን ብለው ለሚደውሉለት ሁሉ «ዳሌዬ ገና ነው» እያለ ይመልሳል። ሚስቱ የተማሪዎች ምግብ ቤት ውስጥ ድስት ስታማስል ውላ ትመጣለች፤ ቤቱ በእሷ ትከሻ ላይ ነው። መሰላል ካልወጣ ምን ሊሆን ነው? ሌላ ሙያ የለውም። ይህን ፍርሃቱን ለማንም አልነገረም።

አንድ ቀን ከሦስተኛው ደረጃ ላይ ተጣብቆ ሳለ አማቱ የልብስ ሳፋ ታቅፈው ወደ ጓሮ ብቅ አሉ። እኚህ ሴት ጸሎት ቤት የሚረግጡት ለሠርግና ለቀብር ብቻ ነው፤ «እኔና ፈጣሪ ቤት ለቤት እንጠያየቃለን» ይላሉ።

«ድመቱ፣ እዚያ ላይ ምን ታደርጋለህ?»

«ግድግዳውን እያየሁ ነው፣ እማማ።»

«ግድግዳው ከመሬትም ይታያል። ውረድ።»

ወረደ። የተገለበጠ ገንዳ ላይ ቁጭ አለ። አማቱ አጠገቡ ተቀምጠው ካልሲ ይጨምቁ ጀመር። አላስችል ሲለው ሁሉንም ነገራቸው፤ ደንቡን፣ አንዲቷን ቆርቆሮ፣ ሃሌ ሉያውን፣ መዳፎቹን። አማቱ በመጀመሪያ አፋቸውን በካልሲ ያዙ። ቀጥሎ ሳቃቸው አመለጣቸውና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሱም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ከወደቀ ጀምሮ ከልቡ ሲስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሳቃቸው ሲበርድ ፊታቸውን በእርጥቡ እጃቸው ጠረጉ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ያኮረፍከው ማንን ነው? ፓስተሩን ነው ወይስ ፈጣሪን?»

«ሁለቱንም።»

«ነግረሃቸዋል?»

«እግዚአብሔር መቼም ያውቀዋል።»

«ፓስተሩስ?»

«እሱም ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ሦስታችሁም እያወቃችሁ ሦስታችሁም ዝም ብላችኋል» አሉ አማቱ ከገንዳው እየተነሡ። «ልጄ ድስት ስታማስል ልትሞትልህ ነው እኮ። ፈጣሪን እኔ አላዝዘውም። ፓስተሩ ግን ሰፈር ውስጥ ነው ያለው፤ ሂድና አናግረው።»

ሄደ። ለመሄድ የወሰነውም ይቅርታ ለመጠየቅ ወይም ለመቀበል አልነበረም፤ ሌላ ጣራ ሠሪ ጥሩ ብሎ ተገላግሎ ለመመለስ ነው። ቀኑ ደመና ነበር። ፓስተሩ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ብቻውን ባልዲ ይደፋል። ያቺ የቀረች ቆርቆሮ በረንዳው ላይ እንደቆመች ናት፤ መሰላሉም ያን ቀን በወደቀበት፣ ግድግዳው ሥር እንደተጋደመ ነው። የነካው የለም።

«ፓስተር፣ ሌላ ሰው ይጥሩ» አለ ድመቱ ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳይጨርስ።

«ትንቢቱስ?»

«ትንቢቱ ውሃ እያስገባ ነው።»

ፓስተሩ በትንሹ ፈገግ አለ። «ሐኪሙ ድነሃል ብሎህ የለ?»

«እግሬ ድኗል። እኔ ነኝ ያልዳንኩት። እፈራለሁ።» ይህን ሲል ድመቱ ጆሮው ድረስ ጋለ። «ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ የእርስዎ እጆች ይታዩኛል።»

ፓስተሩ የያዘውን ባልዲ አስቀመጠ፤ ከዚያ ልክ ያላስቀመጠው ይመስል እንደገና አነሣውና እንደገና አስቀመጠው።

«አይተህ ነበር?»

«ከላይ ሁሉ ነገር ይታያል፣ ፓስተር። ይልቅ ሰይጣን ምን አድርጎዎት ነው?»

ፓስተሩ ሳቅ ሞከረው፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። የረጠበው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ሆስፒታል የመጣሁት ልነግርህ ነበር» አለ። «እውነቴን ነው፤ መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት። አፌን ስከፍት ጸሎት ወጣ። ሁልጊዜ ጸሎት ነው የሚወጣው። መድረክ ላይም ልናገር ቆሜ ሰይጣን ወጣ። ከዚያ ሁሉም አሜን አለ፤ አሜን ካሉ በኋላ እንዴት ልመልሰው?» መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። «ከዚያ ቀን በኋላ እጄን አንሥቼ አላውቅም። ላነሣ ስል ያ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ሲሚንቶው ላይ ስታርፍ የሰማሁት። የጣልኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ድመቱ አልጋ ላይ ተጋድሞ ለዚህ ሰዓት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ የሚያምር፣ የሚያቆስል ንግግር። አንዱም አልመጣለት አለ። ተናደደ፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ስንት ብርቱካን ይቀርለት ነበር። ደግሞም ሰውዬው አሳዘነው። እሱ መሰላል ፈርቶ፣ ፓስተሩ የገዛ እጁን ፈርቶ፣ ሁለቱም እዚህ ባልዲ መሀል ቆመዋል።

«መሰላሉን ያንሡ» አለ። አፉ ያለው እሱን ሳያማክር ነው።

«ሰው ልጥራ።»

«ሌላ ሰው ከያዘው የማምነው ሌላ ሰው ነው። እኔን ያቃተኝ የእርስዎ እጅ ነው። ደንቡን ያውቁታል።»

መሰላሉ ቆመ። ፓስተሩ በሁለት እጁ ያዘው፤ በደረቱም ተደገፈው። ድመቱ ከወደቀ ቀን ጀምሮ እዚያው የቀረውን የሚስማር ከረጢት ወገቡ ላይ አሰረ፣ መዶሻውን ሰካ፣ ቆርቆሮዋን ከላይ ሆኖ የሚስብበትን ገመድ ትከሻው ላይ ጣለ። አንደኛውን ደረጃ ወጣ። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ እንደ ልማዱ ጀመረው።

«ፓስተር፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«እጅዎ?»

«እዚሁ ነው።»

እዚያው እንደቆመ ቀና አለ። ደመናው ጭንቅላቱ ላይ ነው። ስማ፣ አለ በሆዱ፤ የሚያናግረውን ያውቀዋል። አልታረቅንም። ይህ ሰው ሲለቀኝ እያየህ ዝም ብለሃል። ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም፤ የምትነግረኝም አይመስለኝም። ግን ደክሞኛል። እዚህ ላይ ካንተ ሌላ የማወራው ሰው ኖሮኝ አያውቅም። ልወጣ ነው፤ ያዘኝ። ባትይዘኝም እንኳን ዝም ብለህ አትሂድ።

መልስ አልመጣም። እየተንቀጠቀጠ አራተኛውን ወጣ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ካፊያ ጀመረ። ያኔም የሴቶች ጸሎት ቡድን በሳይረን መሪነት በበሩ ገባ። ሳይረን መሰላሉን አየች፣ ላዩ ላይ ያለውን አየች፣ የያዘችውን ጃንጥላ ጣለች።

«ሃሌ ሉያ!» ድምፅዋ በረንዳውን አንቀጠቀጠው። ሴቶቹ በሙሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ድመቱ ዓይኑን ጨፍኖ እንጨቱን አቀፈ። «ፓስተር! ምን ይጠብቃሉ? እጅዎን ያንሡና ያመስግኑ እንጂ!»

«አላነሣም!» አለ ፓስተሩ ጥርሱን ነክሶ።

ሴቶቹ ደነገጡ። ፓስተር ለምስጋና እጄን አላነሣም ሲል በዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም። መሰላሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ድመቱ ዓይኑን ገለጠ፤ አሁንም እዚያው ነው፣ አልወደቀም። የቀረውን ወጣ። ቆርቆሮዋን በገመድ ስቦ በቦታዋ አስተኛት፣ ጣራው ላይ ተሻግሮ በየተራ ሚስማሯን መታ። መዶሻው ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ናፍቆት ኖሯል፤ እዚያው ላይ ብቻውን ሆኖ አለቀሰ፣ እንባውንም በካፊያው አመካኝቶ ጠረገው። ስለ ሚስቱ ጉልበትም እንደ ድሮው አንድ ሁለት ነገር አነሣለት።

ሲወርድ ደረጃውን አልቆጠረም። እግሩ ሲሚንቶውን ሲረግጥ ዞሮ አየ። እሱ ጣራ ላይ ሳለ መሰላሉ ባዶ ሆኖ የቆየ ቢሆንም ፓስተሩ ለአፍታ አልለቀቀውም ነበር። ዝናቡ በፊቱ ይወርዳል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ አልጠረገም። ጣቶቹ ደም አጥተው ነጥተዋል።

«አለቀ፣ ፓስተር። መልቀቅ ይችላሉ።»

«እምቢ አለኝ» አለ ፓስተሩ በሹክሹክታ።

ድመቱ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የፓስተሩን ጣቶች አንድ በአንድ ከእንጨቱ ላይ አላቀቃቸው። ከዚያ ሁለቱንም የእጁን አንጓ ይዞ እጆቹን ወደ ላይ አነሣቸው፤ እንዳይወድቁም ደግፎ ያዛቸው። ፓስተሩ አፉን ከፈተ። ጸሎት አልወጣም፤ ልቅሶ ብቻ ነው የወጣው። ሴቶቹ እሱን እየጠበቁ ዝም አሉ፤ ሳይረን እንኳን ዝም አለች። የሚናገር ሰው ሲጠፋ ድመቱ ራሱ፣ የሰው እጅ ተሸክሞ እንደቆመ፣ ሃሌ ሉያ አለ።